የድሬ ዳዋ አሮጌ መኪኖች ምን ያስተምሩናል?

ሰው የሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው ሠሪው የሰጠው ዕድሜ ነው፤ ሁለተኛው ያዡ የሚሰጠው ዕድሜ ነው። የመጀመሪያው በፋብሪካ ይወሰናል፤ ሁለተኛው ግን በቤት፥ በገበያና በመንገድ ላይ ዕቃውን በሚይዘው እጅ ይወሰናል። ስለዚህም ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ከወጡ ሁለት መኪኖች አንደኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ሲጣል፥ ሁለተኛው ሃምሳ ዓመት ሠርቶ፥ ልጆች አሳድጎና አስተምሮ፥ ገና ማለዳ ተነሥቶ ሲሄድ ይታያል። የዚህን ነገር እውነተኛነት በዓይኑ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ድሬ ዳዋ ይሂድ።

በውጭ አገር አሮጌ መኪኖችን ሰብስቦ ለሕዝብ ማሳየት የታወቀ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ በጥቅምት ወር መጨረሻ፥ እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖች ከለንደን ተነሥተው በባሕር ዳር እስካለችው እስከ ብራይተን ከተማ ድረስ ይጓዛሉ። ይህም ጉዞ መኪኖች ከእግረኛ እምብዛም እንዳይፈጥኑ ያግድ የነበረው ሕግ ሲሻር፥ በኅዳር ወር 1889 ዓ.ም. የተደረገውን የደስታ ጉዞ ለማሰብ የሚደረግ ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ በታደሰው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኪኖች ተወልውለው ለጎብኚ ይታያሉ። እንዲህ ያለው ትርኢት መልካም ነው፤ ትናንትን ለዛሬ ሰው ያስተዋውቃልና።

የድሬ ዳዋ ትርኢት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በገመድ የታጠረ አዳራሽ፥ የመግቢያ ቲኬት፥ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍም የለበትም። የሚታዩት መኪኖች ከሥራ ያረፉ ሳይሆኑ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ለማየት የመጣው እንግዳ ዋጋውን ከፍሎ ይሳፈርባቸዋል፤ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣል፤ በራቸውን ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል፤ አዘጋጉንም ካላወቀበት ሾፌሩ ያስተምረዋል። ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መሄዱ ባይካድም፥ ፔጆ 404 የተባለው የፈረንሳይ መኪና በድሬ ዳዋና በጎረቤቷ በሐረር የታክሲ ሥራ ሠርቶ የከተሞቹ መልክ እስኪሆን ድረስ ታውቋል። አዲስ አበባ በላዳዋና በቮልሷ፥ አሥመራም በትንንሾቹ ፊያቶቿ እንደሚታወቁ፥ የምሥራቁ አገራችን በፔጆው ይታወቃል።

ከባቡር የተወለደች ከተማ

መኪኖቹን ከመጎብኘታችን በፊት ከተማይቱን ማወቅ ይገባል። ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው፥ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደርሶ ቆመ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ አዲስ ሐረርም ተባለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፥ በመካከሉ ባለው ዘመን ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ዕቃ ትልቋ በር ድሬ ዳዋ ነበረች። ዛሬም ከተማይቱን የሚያይ ሰው ይህን ታሪክ በመንገዶቿ ላይ ያነብበዋል። ከደቻቱ በአንድ ወገን ያለችው ከዚራ መንገዶቿ በገመድ የተለኩ፥ ዛፎቿ በረድፍ የተተከሉ ናት፤ በሌላው ወገን ያለችው መጋላ ደግሞ ገበያው፥ ጠባቡ መንገድና የልዩ ልዩ ሕዝብ ቋንቋ የሚገናኝባት ናት።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው ይህች ከተማ ገና ሕፃን ሳለች ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በመኪና አዲስ አበባ ገብቶ መኪናውን ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ሁለተኛ መኪና ይዞ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ለመኪና ተብሎ የተጠረገ መንገድ አልነበረም፤ መኪናው በራሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በሰውና በእንስሳ ጉልበትም ጭምር ወንዝና ገደል መሻገር ነበረበት። ስለዚህ መኪና በኢትዮጵያ ምድር ከመጀመሪያ ቀን አንሥቶ የሰው እጅ ሳይረዳው የሄደበት ጊዜ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ታሪክ በቋንቋችንም ላይ ምልክቱን ትቷል። ሾፌር፥ ጋራዥ፥ ለገሃር የሚሉትን ቃላት ከፈረንሳይኛ ወረስን፤ ጎሚስታ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ኩሽኔታ፥ ካቻቢቴ የሚሉትን ደግሞ ከጣሊያንኛ ተቀበልን። የድሬ ዳዋ ልጅ መኪና ሲጠግን የሁለት አገር ቋንቋ ሳያውቀው ይናገራል። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች፥ ጅቡቲም እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በፈረንሳይ አስተዳደር ሥር ስለ ነበረች፥ የፈረንሳይ ዕቃ ለከተማይቱ እንግዳ አልነበረም። ፔጆም ሲመጣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው፥ ብረቱንም የሚያውቅ እጅ አላጣም።

ስለ ፔጆ 404 ጥቂት ቃል

ይህ መኪና ለሽያጭ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። መልኩን የነደፈው በኢጣልያ በቱሪን ከተማ ያለው የታወቀው የፒኒንፋሪና ቤት ነበር፤ ከኋላው ወደ ላይ ሾል ያሉት ሁለት ክንፎች የዚያን ዘመን ፋሽን ያስታውሳሉ። በፈረንሳይ አገር ባለ ግንዱ መኪና እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ ተሠራ፤ በኬንያ ግን የመገጣጠሙ ሥራ እስከ 1983 ዓ.ም. ገደማ ቀጠለ። እንግዲህ ከፈረንሳይ ከመጡት መካከል የመጨረሻው ታናሽ እንኳ ዛሬ የሃምሳ ዓመት ሽማግሌ ነው ማለት ነው።

ጥንካሬውን ለዓለም ያስመሰከረው በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ነው። በኬንያ፥ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጭቃና አቧራ ላይ ይደረግ በነበረው የሳፋሪ የመኪና ውድድር፥ በ1955 ዓ.ም. ሰማንያ አራት መኪኖች ተነሥተው እስከ መጨረሻ የደረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከሰባቱም አንደኛ የወጣው ፔጆ 404 ነው። በ1958 እና በ1959 ዓ.ም. ደግሞ አሸነፈ፤ በ1960 ዓ.ም. ከተነሡት ዘጠና ሦስት መኪኖች እንደ ገና ሰባት ብቻ ሲገቡ፥ አሁንም ቀዳሚው እርሱ ሆነ።

የዚህ ጥንካሬ ምክንያቱ ምንድን ነው? ለቤተ ሰብ አንባቢ እንዲገባ አድርገን ሦስቱን ብቻ እንግለጽ።

መጀመሪያ፥ በሞተሩ ውስጥ አራቱ ፒስተኖች የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች ከሞተሩ ገላ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ አይደሉም፤ ለብቻቸው የሚገቡና የሚወጡ ናቸው፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ውሃ በዙሪያቸው ይመላለሳል። ስለዚህ በሥራ ብዛት ሲበሉ ሞተሩን መጣል ወይም ገላውን መፋቅ አያስፈልግም፤ አሮጌውን ቱቦ አውጥቶ አዲስ ማግባት ይበቃል። ይህ ነገር ጋን ሲሰበር ጋኑን ሁሉ ከመግዛት ይልቅ የተሰበረውን ወገን ብቻ እንደ መለወጥ ነው።

ሁለተኛ፥ ነፋስ የሚሰጠው ማራገቢያ ሁልጊዜ አይሽከረከርም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሥራ ይላቀቃል፤ ሙቀት ሲበዛ በኤሌክትሪክ ማግኔት ኃይል ተይዞ ሥራውን ይጀምራል። ይህም እንደ ድሬ ዳዋ ባለ ሞቃት አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም መናገር አያሻም።

ሦስተኛ፥ የፊቱም የኋላውም እግር በረጅም ሞላ ላይ የቆመ ስለሆነ በጒድጓድና በድንጋይ ላይ ሲሄድ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ማርሹም ከመሪው ሥር ስለሆነ የፊተኛው ወለል ነጻ ነው፤ የባትሪው ኃይል ሲደክምም ሞተሩን ከፊት በሚገባ ብረት በእጅ አሽከርክሮ ማስነሣት ይቻላል። በአጭሩ ሠሪው ይህን መኪና ሲያስብ፥ ከትልቅ ከተማ ርቆ፥ በጥቂት መሣሪያ፥ በብልህ ሰው እጅ እንዲጠገን አድርጎ አሰበው።

ትርኢቱን ስንጎበኝ

ጎብኚው ከለገሃር ይነሣ። ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ የከተማይቱ ልብ ነበርና። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወጥቶ ቢቆም፥ ከባጃጁና ከሚኒባሱ መካከል አንድ ሁለት ፔጆ ማየቱ አይቀርም። ቀለሙ ብዙ ጊዜ የተደራረበ ነው፤ በተቧጠጠበት በኩል የታችኛው፥ ከዚያም የታችኛው ታች ቀለም እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ዕድሜውን ይናገራል። በውስጡ የመቀመጫው ልብስ በእጅ የተሰፋ ነው፤ ከመስተዋቱ ላይ አንዱ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል፥ ሌላው ጨሌ ወይም መቁጠሪያ ሰቅሏል። ሾፌሩ ተሳፋሪውን በአማርኛ ይቀበላል፤ ሒሳቡን ከሁለተኛው ሰው ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራል፤ ለሦስተኛው በሶማሊኛ መንገድ ያመለክታል።

ከዚያም ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መጋላ ይለፍ፤ ከቀፊራ ገበያ አጠገብ መኪናው ሰው ብቻ ሳይሆን የሽንኩርት ከረጢት፥ የብርቱካን ቅርጫት፥ አንዳንዴም ፍየል ሲጭን ያያል። በለንደን ጎዳና ዓመት ጠብቆ ለአንድ ቀን የሚወጣው መኪና ክብሩ በመወልወሉ ነው፤ የዚህኛው ክብር ግን በመድከሙ ነው።

እውነተኛውን ፈተና ለማየት የሚፈልግ ግን ከከተማ ወጥቶ የደንገጎን ዳገት ይውጣ። ድሬ ዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ በአንድ ወገን ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር፥ በሌላው ወገን ወደ ቍልቢ ይሄዳል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ወደ ቍልቢ ገብርኤል የሚወጣው ምእመን ቁጥር እንደማይሰፈር የታወቀ ነው። ለብዙ ዘመን የስለት ጃንጥላውን ይዞ፥ ልጁን አቅፎ ይህን ዳገት የወጣው ሕዝብ ከፊሉ በእነዚህ ፔጆዎች ተጭኖ ነው። ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ሲፈላ ሾፌሩ ጥግ ይዞ ያቆማል፤ ክዳኑን ግን ወዲያው አይከፍትም። እንፋሎት የታመቀበትን ራዲያተር በችኰላ የከፈተ ሰው ፊቱን እንደሚቃጠል ያውቃልና፥ ሞተሩ እስኪበርድ ተቀምጦ ይጠብቃል። መንገደኛውም አብሮ ይጠብቃል። ትዕግሥት ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለውም።

የጠጋኙ እጅ

መኪናው የሚታየው በመንገድ ላይ ነው፤ የመኖሩ ምሥጢር ግን ያለው በጋራዥ ነው። አንድ ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ ከእነዚህ ጋራዦች ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። አንድ ጠና ያሉ መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ በሚሠራው ሞተር ላይ አሳርፈው፥ እጀታውን በጆሮአቸው ላይ አድርገው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። መካኒኩ አልተቈጡም፤ ከሁሉ ፊት ቆሞ የነበረውን ልጅ ጠርተው ካቻቢቴውን ሰጡት።

«ምን ይሰማሃል ልጄ?» አሉት።

«አንድ የሚንኳኳ ነገር አለ፥ አባባ።»

«አሁን ደግሞ እዚህ አድርገው።»

ልጁ ጫፉን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ፥ «እዚህ ጋ ድምፁ ጠፋ» አለ።

«እንግዲህ የታመመው የቱ ወገን እንደሆነ አንተው ነገርኸኝ» አሉት።

ድምፅ በጠጣር ነገር ውስጥ ከአየር ይልቅ ፈጥኖና ጠርቶ እንደሚያልፍ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርሁት ባለፈው ሳምንት ነበር። ልጆቹ በደብተራቸው ጽፈውት ነበር፤ የተማሩት ግን በዚያች ደቂቃ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ፥ «አባባ፥ ይህን መኪና የሠራው ፋብሪካ አሁንም መለዋወጫ ይልካል ወይ?» ብላ ጠየቀች። መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፥ «ፋብሪካውስ ከረሳው ቈየ፤ እኛ ነን ያልረሳነው» ብለው መለሱላት።

ነገሩም እንዲሁ ነው። የጠፋው ኩሽኔታ ከሌላ መኪና ተፈልጎ ይገባል፤ ያልተገኘው ቁራጭ በቶርኖ ተፍቆ ይወጣል፤ የወረቀት ጓርኒሲዮን በብረቱ ጠርዝ ላይ በመዶሻ በቀስታ ተቀጥቅጦ በልኩ ይቈረጣል፤ የዛገው ላሜራ ተቈርጦ አዲስ ይበየዳል። የማይነሣ መኪና ደግሞ አይጣልም፤ ጥግ ቆሞ ዛሬ በሩን፥ ነገ ካርቡሬተሩን ለወንድሞቹ ያወርሳል። ከዚህ ሁሉ ማንኛውም በመጽሐፍ ተጽፎ አይገኝም። አባት ለልጅ፥ ዋናው ሠራተኛ ለረዳቱ በዓይንና በእጅ ያቀበለው ነው።

የዚህ ሙያ ታላቁ ትምህርት ቤት ደግሞ የባቡሩ ዴፖ ነበር። በድሬ ዳዋ ያለው የምድር ባቡር ማደሻ የራሱ ቶርኖ፥ የራሱ ብረት ማቅለጫ የነበረው፥ የጠፋውን ቁራጭ ከውጭ ሳይጠብቅ ራሱ የሚያወጣ ሥፍራ ነበር። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ሰዎቹ ኦቶራይ የሚሉአቸው ተሳፋሪ ባቡሮች በዚያ አሉ፤ ድሬ ዳዋን የሚጎበኝ ሰው አስፈቅዶ ቢገባ፥ ከመኪኖቹ የሚበልጥ አሮጌ የብረት ትርኢት ያገኛል።

የሚያሳስበው ነገር

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ምስጋና ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አሮጌ መኪና ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ጭሱ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ፍሬኑና መብራቱ በጊዜው ካልታየ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል። የሰው ነፍስ ከብረት ታሪክ ይበልጣልና፥ ለመንገድ የማይበቃ መኪና በቅርስ ስም ሰው ሊጭን አይገባውም።

ደግሞም ዘመኑ ተለውጧል። ከህንድ የመጣው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በጥቂት ቤንዚን፥ በጠባቡ መንገድ ሁሉ እየገባ የፔጆውን መንገደኛ ወስዶበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ አገር ሲገባ እስከ አምስት መቶ ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለበት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ኤሌክትሪኩን መረጠ። ባቡሩም ቢሆን ከዚህ አልዳነም፤ የአሮጌው ሐዲድ የአዲስ አበባ ጉዞ ከተቋረጠ በኋላ፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከመሀል ከተማው ውጭ ነው።

ይህ ለውጥ ክፉ አይደለም። ንጹሕ አየርና ጸጥ ያለ ሞተር ማን ይጠላል? የሚያሳስበው ሌላ ነው። በአንድ ቤት የነበረው ፔጆ የብረት ክምር ብቻ አልነበረም። አባት ማለዳ አስነሥቶት ሲወጣ እናት የዕለቱን ወጪ በእርሱ ታሰላ ነበር፤ የልጆች ደብተርና ጫማ፥ የማኅበር ድግስ፥ የሟች ተዝካር ከእርሱ ይወጣ ነበር። መኪናው ሥራ ሲያጣ ሽማግሌው ሾፌር አብሮ ሥራ ያጣል፤ ሞተር በጆሮው የሚያዳምጠው መካኒክም ረዳት ያጣል። ወጣቱ «ነገ ለሚጠፋ መኪና ለምን እማራለሁ?» ይላል። በዚህ አኳኋን መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ሚዛን ላይ ሲወጣ፥ ሃምሳ ዓመት የተጠራቀመው የእጅ ዕውቀት ደግሞ ሳይመዘን ይሄዳል። ብረቱ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ዕውቀቱ ግን በነጻ ይጠፋል።

በዴፖው የደረሰውን ማየት ለዚህ በቂ ትምህርት ነው። ባቡሩ ሲቆም መጀመሪያ የጠፋው ጎማው ወይም ሐዲዱ አልነበረም፤ ተተኪው ልጅ ነበር። ቶርኖው በቦታው አለ፤ በቶርኖው ላይ የሚቆመው ወጣት ግን ካልተተካ ቶርኖው ራሱ አሮጌ ብረት ይሆናል።

ምን ይደረግ?

ለዚህ ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ምክር አናቀርብም፤ የምናቀርበው በእጃችን ያለውን ነው።

ለባለ መኪናዎች፦ መኪናችሁን ለቁርጥራጭ ከመሸጣችሁ በፊት ታሪኩን ጻፉ። መቼ እንደ ተገዛ፥ ከማን እጅ ወደ ማን እንደ ተላለፈ፥ ስንት ጊዜ ሞተሩ እንደ ተፈታ፥ ማን እንደ ጠገነው፥ ስንት ልጆች እንዳስተማረ በአንድ ደብተር ላይ ይቀመጥ። መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ቢኖር የሚማር ልጁ ይጻፍለት። ይህ ደብተር አንድ ቀን ከመኪናው የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

ለመምህራን፦ ተማሪዎቻችሁን ወደ ጋራዥ ውሰዱ። ሙቀት ብረትን እንዴት እንደሚያሰፋ፥ የማርሽ ጥርሶች ቁጥር ፍጥነትን እንዴት እንደሚለውጥ፥ ውሃ ሙቀትን እንዴት ተሸክሞ እንደሚሄድ በአሮጌ መኪና ላይ በግልጽ ይታያል። የዛሬው አዲስ መኪና ሁሉ ነገሩ በክዳን ሥር የተሸሸገ ነው፤ አሮጌው ግን ደረቱን ከፍቶ ያስተምራል። ለኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ጎማ፥ ፍሬን፥ ሞላና ኩሽኔታ ስለማይቀርለት፥ የአሮጌው ሙያ ለአዲሱ መሠረት ይሆናል እንጂ ዕዳ አይሆንም።

ለከተማይቱ ሽማግሌዎችና አስተዳዳሪዎች፦ በዓመት አንድ ቀን፥ በለገሃር አደባባይ ወይም በዴፖው ግቢ፥ አሮጌዎቹ መኪኖች ታጥበው ይሰለፉ። በእያንዳንዱ ፊት የተሠራበት ዘመንና የያዡ ቤተ ሰብ ታሪክ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ መካኒኮቹም ከመኪኖቻቸው አጠገብ ቆመው ወጣቶቹን ያስተምሩ። ባለ መኪናዎቹ ለዕለቱ የቀረባቸውን ገቢ የሚያካክስ ጥቂት ነገር ከጎብኚው ቢሰበሰብላቸው፥ በዓሉ ለቤታቸውም ይጠቅማል። ከመኪኖቹም አንድ ሁለቱ፥ ሞተራቸው እየሠራ፥ ለሚመጣው ትውልድ ይቀመጡ። ሞተሩ የማይነሣ መኪና ሐውልት ነው፤ የሚነሣ መኪና ግን መምህር ነው።

ለእናቶችና ለአባቶች ደግሞ የመጨረሻው ቃላችን ይህ ነው። ፔጆ በቤታችሁ ባይኖር እንኳ፥ የፔጆው ሥርዓት በቤታችሁ ሊኖር ይችላል። መልካም ሾፌር ማለዳ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ውሃውንና ዘይቱን ያያል፤ ትንሹ ድምፅ ትልቅ ስብራት ሳይሆን ያዳምጠዋል፤ የላላውን ብሎን በዕለቱ ያጠብቃል። ልጆቻችሁ የወንበሩን እግር ሲላላ እንዲያጠብቁ፥ የተቀደደውን ልብስ እንዲሰፉ፥ የተሰበረውን ከመጣላቸው በፊት ይጠገን እንደ ሆነ እንዲጠይቁ አስተምሩአቸው። ዕቃን በመጠበቅ የሠለጠነ ልጅ ነገ ሰውን በመጠበቅ ይሠለጥናል፤ ዛሬ የሻገተውን ሁሉ መጣል የለመደ ግን ነገ ያረጁ ወላጆቹን መጦር ይከብደዋል።

«ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይላል የአገራችን ሰው። የድሬ ዳዋን አሮጌ መኪኖች ከጠጋኞቻቸው በስተቀር ማንም ሊያኖራቸው አልቻለም ነበር። ሄዶ ማየት የሚችል ይሂድ፤ ሲሄድም መኪናውን ብቻ ሳይሆን ሾፌሩን ሰላም ይበል፥ የመካኒኩንም እጅ ይይ። በዘይትና በብረት የጠቆረው ያ እጅ፥ ከትርኢቱ ሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ነውና።